ጽጌረዳዎቹን እስክንጨርስ

የላቬንደር ሽታ እንቅልፍ ያመጣል ይላሉ፤ እኔን ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። እዚህ ቶሮንቶ፣ የምኖርበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ያ ሽታ ከአንዷ ጎረቤቴ ልብስ ላይ ሲመጣብኝ በደረጃ ብወርድ እመርጣለሁ። እናቴ አገር ቤት ታማ በተኛችበት ሰሞን ደግሞ ብሶብኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ጃፓን ተማሪ ሳለን ነው። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ገና ተኝታ ሳለች ወንድሟ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ።

«አባዬ ዐረፈ» አለኝ። «በስልክ እንዳትሰማ፣ ሰው ተሰብስቦ ያርዳት። አደራሽን!»

በሌላ ከተማ የሚኖሩት ሐበሾች መድረስ የሚችሉት በማግስቱ ማለዳ ነበር። እስከዚያ ያቺን የስልክ ሱሰኛ ከስልኳ መለየት የእኔ ዕዳ ሆነ። «ዛሬ ወጣ ብለን አበባ እንይ፤ ስልክሽን እኔ ልያዘው» አልኳትና አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቅሁት።

በአውቶቡስ ሄድን። ጃፓኖቹ ሀይቅ ዳር የእንግሊዞችን የአትክልት ቦታ ሠርተዋል፤ የሸክላ አጥሩ፣ ሻይ ቤቱ፣ ጽጌረዳ የተጠመጠመበት የእንጨት ዳስ ሁሉ የእንግሊዝ ነው። ጠጠሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ የሀይቁ ብርሃን ዓይን ይወጋል። አባቷ ጽጌረዳ በጣም ይወዱ ነበር፤ ግቢያቸውን ሲኮተኩቱ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ይሄን አለማሰቤ!

«ስልኬን ስጪኝ፤ ይቺን ቢጫዋን ለአባዬ ላሳየው» አለችኝ።

«ባትሪው አልቋል» አልኩ፣ ቦርሳዬን ብብቴ ሥር አጥብቄ። የሰው ሐዘን በሆድ ይዞ መሳቅ እንዴት ይከብዳል!

ሻይ ቤቱ ስንገባ ኬክ አዘዝኩላት። ከመርዶ በኋላ እህል አይወርድላትም ብዬ የእኔንም ድርሻ ወደ እሷ ገፋሁት። «ብዪ እንጂ፣ ምንም አልበላሽም» አልኳት። ሹካዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«ከጠዋት ጀምረሽ ብዪ ብዪ ትይኛለሽ። አንቺ እኮ ቁራሽ ኬክ የምትሻሚኝ ሴት ነሽ።»

ፊቴ አሳበቀብኝ።

«እንዳትነግሪኝ» አለች። «ጽጌረዳዎቹን እስክንጨርስ ምንም እንዳትነግሪኝ።»

ተነስታ ሄደች፤ ተከተልኳት። እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ጋ እየቆመች፣ ዓይኗን ጨፍና አሸተተች። ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። መንገዱ የሚያልቀው ላቬንደር የተተከለበት ዳር ነበር፤ አንድ ዘለላ ቀጥፋ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችና እጄን ከነአበባው ጨበጠችው። ቤት እስክንደርስ አልለቀቀችኝም። እንደዚያ ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም።

አሁን እሷም እዚሁ ቶሮንቶ ናት፣ ዳንፎርዝ የሚባለው ሰፈር። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሳትደውል ከች አለች። ቅዳሜ ከሥራ ቀርታ አታውቅም።

«ዛሬ ኦፍ ነኝ። ሌክ ዳር ያለው ጋርደን ሄደን ወክ እናድርግ» አለችኝ።

ቁርሴን አቅርቤ ነበር፤ አጠገቤ ቆማ ጠበቀችኝ። «ብዪ እንጂ» አለች፣ ሳህኑን ወደ እኔ እየገፋች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ስልክሽን እኔ ልያዘው።»

ሰጠኋት። በሩ ጋ ስንደርስ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«አበቦቹን እስክንጨርስ እንዳትነግሪኝ» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ፤ ጎንበስ ብላም የጫማዬን ክር አሰረችልኝ።