ልጄ ከሳሎን ደወለልኝ

ልጄ ሚስዮናዊ ነው። በጸሎትና በገንዘብ የሚደግፉትን ሰዎች ኑሮ፣ የማን ልጅ እንዳገባች ጭምር፣ በቃሉ ያውቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ግን «ከደጋፊ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያጠብቅ» አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም አመጣለት። ተመስገን ነው፤ ግንኙነቱ ከመጥበቁ የተነሣ ልጄ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ እናቱን እንኳ አያይም። እኔንም ከደጋፊዎቹ ጋር መዝግቦኛል።

ትናንት ወጥ ቤት ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ሳሎን የተቀመጠው ልጄ ነው።

«እማዬ፣ ስምሽ ቀይ ሆኖብኛል። ፕሮግራሙ ‹ካነጋገርካት ቆይተሃል› ይለኛል።»

«እሰይ! አንተን ከምወልድ እሱን በወለድኩ። በል ተነሥተህ ና!»

ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ስለ ጤናሽ ምን ብዬ ልሙላ?»

«ብዙ ነው የኔ ጌታ፤ ወንበር ሳብና ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።