ምሰሶውን ሰላም ያለው ሰው

ወልቂጤ ላይ የፊልም ነጋዴ መሆን በየጊዜው ሬሳ መቅበር ነው። ካሴት ቀበርኩ፣ ሲዲ ቀበርኩ። ሰው ሁሉ በስልኩ ማየት ሲጀምር እኔም ፍላሽና ሚሞሪ እየጫንኩ፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ እየሸጥኩ ቀረሁ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ አንድ አከፋፋይ ደውሎ፣ ያንን ስለ ሱስ የሚያስተምር የድሮ ፊልም አድሰን በዲቪዲና በፍላሽ ልናወጣው ነው ሲለኝ፣ የቀበርኩት ሰው ተነስቶ በሬን ያንኳኳ ነው የመሰለኝ።

ፊልሙን እኛ ዘንድ የማያውቀው የለም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አረቄ ይለምድና መጀመሪያ መኪናውን፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ በመጨረሻ ራሱን ያጣል። ያስለቅሳል። ሰው የወደደው ግን ሹፌሩን አይደለም። መሀል ላይ ስም እንኳ የሌለው አንድ ሰካራም ብቅ ይላል። እየተንገዳገደ ወደ መብራት ምሰሶ ይጠጋል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ጎንበስ ብሎ "እንደምን አመሹ?" ይለዋል። ምሰሶው ዝም ሲለው ቅር ይለውና ኮፍያውን መልሶ አድርጎ ቦይ ውስጥ ይወድቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። በቪዲዮ ቤት ዘመን ተመልካቹ "መልሰው! መልሰው!" እያለ አስቸግሮን፣ ካሴቱ እዚያች ቦታ ላይ ሊበጠስ ደርሶ ነበር።

ያ ሰካራም ጎረቤቴ ነው። ከሱቄ ጎን ልብስ ይሰፋል። ጴንጤ ነው፣ በሕይወቱ ከለስላሳ የበረታ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ፊልም ሠሪዎቹ ቡታጅራ በመጡ ጊዜ እዚያ ገና ተለማማጅ ሰፊ ነበር። በረንዳ ላይ ማሽኑን ሲረግጥ አይተው "ሰካራም መሆን ትችላለህ?" አሉት። ቻለ። ጉዱ የመጣው ከመቻሉ ነው።

ማሽኑን ተሸክሞ ወልቂጤ ሲገባ ፊልሙ ቀድሞት ደርሷል። "ጎበዝ፣ ጥሩ ሠርተሃል" ያለው አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም "አይዞህ" ነው ያለው። አረቄ ቤት የሚውሉት እንደ ሥጋ ዘመድ ሰላም ይሉታል። ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ፣ ከሰዓት በኋላ እጁ አይጸናም ብሎ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። የገዛ ጸሎት ቤቱ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ ፊት ጠርተው፣ ከመጠጥ እስራት እንዲፈታ እጅ ጭነው ጸለዩለት።

"ታዲያ ምን አልካቸው?" ብዬው ነበር።

"አሜን ነዋ! ሰው እንባው እየወረደ ሲጸልይልህ፣ አልጠጣም ብለህ ታቋርጠዋለህ?"

ይህ ሁሉ ከጊዜ ብዛት ተረሳ። እሱ አገባ፣ ወለደ። ልጁ ነርስ ሆነች፤ የቡታጅራ ልጅ ወደደች፤ የወጣቱ ቤተሰብ ለእሁድ ሽማግሌ ሊልክ ቀጠሮ ያዘ። ከአከፋፋዩ ፖስተር የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። ዋናው ተዋናይ ፎቶዬን እንዳትነኩ ብሏቸዋል አሉ፤ እነሱም የሰው ፊት አጥተው የጎረቤቴን ፊት በሙሉ ፖስተሩ ላይ ዘረጉት። ኮፍያው በእጁ፣ ዓይኑ ግማሽ ተከድኖ፤ ግንባሩ ላይ ደግሞ በቀይ "ታድሶ የቀረበ" የሚል ጽሑፍ።

የሱቄ በር ላይ ለጥፌው ገና እጄን ሳልታጠብ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ፖስተሩን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ሽማግሌ የሚልከው ቤተሰብ የጸሎት ቤት ሰው ነው። ዘር ከመቁጠራቸው በፊት አመል ይጠይቃሉ፤ ከአመልም መጀመሪያ መጠጥ። የልጅቷን አባት በሱስ ፊልም ፖስተር ላይ ተለጥፎ ካገኙት፣ ልጁን መክረው ይመልሱታል።

"ጢም አሳድግ" አልኩት።

አልሳቀም። "ወንድሜ፣ የኔን ስም ተወው፣ እሱ ድሮ አልቋል። ልጄ የሰካራም ልጅ ተብላ ትቅር?"

ፖስተሩን ላጥኩና አጣጥፌ ሰጠሁት፤ ዲቪዲውንም ባንኮኒ ሥር አስገባሁ። ነጋዴ ዕቃ ሲደብቅ ዋጋ ሊጨምር ነው ብሎ ሰው ያማዋል። ለጎረቤት ሲል የሚደብቅ ነጋዴ እንዳለ ማንም አያምንም፤ እኔም ራሴ ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር።

ለእሁድ ከልጅቷ ወገን ሆኜ እንድቀመጥ ለመነኝ። ምክንያቱ፣ ሙስሊም ስለሆንኩ ስለ መጠጥ ብመሰክር ይታመናል የሚል ነው። አሳምሮ አስቧል። አንድ ነገር ብቻ ሁለታችንም አላሰብንም፦ አከፋፋዩ ፖስተሩን ለባጃጆችም አድሏል።

ሽማግሌዎቹ ከመናኸሪያ በባጃጅ መጡ። በር ላይ ቆመን "እንኳን ደህና መጣችሁ" እያልን ሳለን ሦስቱም ወረዱ፤ ባጃጁ ዞረ፤ ጀርባው ላይ ጎረቤቴ ኮፍያውን ይዞ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ የባጃጁን ጀርባ አዩ፣ ከዚያ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመውን አባት አዩ። ባለ ባጃጁ ደግሞ አንገቱን አውጥቶ፣ የፖስተሩ ሰው ቤት ድረስ አመጣኋችሁ ብሎ ሄደ።

ቤት ገቡ፤ አልተቀመጡም። አለመቀመጡ ወግ ነው፤ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ ይለምናል። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ እሺ አይባልም፤ እናስብበት ተብሎ ይሸኛል። በዚህ ቀን ግን የሚለምን ጠፋ። ከሦስቱ ትልቁ የልጁ አጎት ነው፤ ግዙፍ፣ መላጣ፣ ሱፍ የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ ሰው። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል ሳይናገር ፊልሙ ቤት ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ።

ከሱቅ ፍላሹን አምጥቼ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ። ሦስት ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ፊልም ሲያዩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የልጅቷ እናት ጓዳ በር ላይ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች። ሰካራሙ ብቅ አለ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ምሰሶውን ሰላም አለ፣ ወደቀ።

"መልሰው" አለ አጎትየው።

መለስኩት። ቀና ብሎ ወደ ጎረቤቴ ዞረ። "ይህን ሰላምታ ከየት አመጣኸው?"

ፊልም ሠሪዎቹም ይህንኑ ጠይቀውት ያኔ "ከራሴ ፈጥሬ" ብሏቸው ነበር፤ ለእኛም ስንት ዓመት ያወራልን እንደዚያው ነው። አሁን "ከራሴ" ካለ ከራሱ ስካር ያመጣው ይመስላል። ላቡን ጠረገ።

"አባቴ፣ እኔ ጠጥቼ አላውቅም። ቡታጅራ በረንዳ ላይ ስሰፋ አመሻሽ ላይ የሚያልፍ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ አላውቅም። ኮፍያውን አውልቆ ምሰሶውን ሰላም ይላል። የወሰድኩት የሱን ነው።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ።

"ምሰሶው መልሶለት ያውቃል?" አለ አጎትየው።

"ኧረ አያውቅም።"

"አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ መልሶልኝ አያውቅም።"

ከዚያ አጎትየው ፊልሙን ያየው ቡታጅራ ቪዲዮ ቤት ገብቶ እንደሆነ ነገረን። ሰው ሲስቅ እሱም ስቋል። ኮፍያው ሲወልቅ የማን አወላለቅ እንደሆነ ገባው፤ ከጎኑ ያለው ጓደኛው ግን አሁንም እየሳቀ ነበር። ሲወጣ ምሰሶውን ላለማየት በሌላ መንገድ ዞረ፤ ያ መንገድ በአረቄ ቤቱ በኩል አያልፍም። ከዚያ ወዲህ አረቄም ኮፍያም ራሱ ላይ አልወጣም።

"ሳላገኝህ ስንት ዓመት ሰድቤሃለሁ" አለው። "ደግሞ አወዳደቅህ ትክክል አይደለም። እኔ በግራ ነበር የምወድቀው።"

ይህን ብሎ ከዘራው ላይ ተደገፈ። ሽማግሌ ሰው፣ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አላስቻለኝም። "አባቴ፣ በሉ ተቀመጡ" አልኩ።

ሦስቱም ተቀመጡ።

ምን እንዳልኩ የገባኝ እናቲቱ ጓዳ ሆና እልል ስትል ነው። አባትየው እናስብበት ሊል ያዘጋጀው ንግግር አፉ ውስጥ ቀረ። የአንድ ጴንጤ ቤተሰብ ልጅ፣ ወጉ ተዘልሎ፣ በሙስሊም ጎረቤት አፍ ተሰጠች። ጎረቤቴ አፍጥጦ አየኝ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሟል። ያጣጠፍኩለት ፖስተር በእጁ ነው፤ እጥፋቱ ሁሉ በካውያ ተተኩሶ ጠፍቷል። ራሱ ለጠፈው፤ ትንሽ ራቅ ብሎም አየውና ወደ ግራ አዘመም አደረገው።