ሁለት እሸት ከገዳሙ በር

የልጅ ልጄ ሰሚር ሰሞኑን ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ሐይቅ ከተማ የሄደ ሰው ሊያያቸው የሚገቡ ታሪካዊ ቦታዎች ብሎ አነበበልኝ። መጀመሪያ የተጻፈው የእስጢፋኖስ ገዳም ነው። ስለ በሩ ግን ምንም አይልም። እኔ ደግሞ የማውቀው በሩን ብቻ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ወሩ ጥቅምት፣ እሸት የደረሰበት። ከታናሽ ወንድሜ ከሰኢድ ጋር ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ገበያ መጥተን ሸመታችንን ጨረስን። ሰኢድ ጎረምሳ ነው፤ አሮጌ ነገር ካየ እግሩ አይነቀልም። ገዳሙን ሳላይ አልመለስም አለ። ሴት እንደማይገባ ስለማውቅ፣ ሁለት የተጠበሰ በቆሎ ይዤ ከበሩ ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

«አሁን መጣሁ» ብሎኝ ገባ። በቆሎዬን በላሁ። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ዘንበል ስትል፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን መሆኑን ሳስበው፣ በንዴት የእሱንም በላሁበት። ሲወጣ የማወርድበትን ስድብ ሁሉ አሰናድቼ ነበር።

ይኼኔ አንዲት ሴት ከከተማው በኩል እያለከለከች መጣች።

«ገበያው ተከቧል። ጎረምሳውን ሁሉ ለውትድርና እያፈሱት ነው። ወደዚህም እየመጡ ነው» አለች።

ሰኢድን ምነው በወጣ ስል ቆይቼ፣ አሁን ምነው ባይወጣ ማለት ጀመርኩ። በሩን የሚጠብቁትን መነኩሴ እያለቀስኩ ለመንኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ውስጥ የሚያስጎበኙት አባት ታሪክ ከጀመሩ አይጨርሱም። ዛሬ ጭራሽ እንዳይጨርሱ እነግራቸዋለሁ።» ቀስ እያሉ ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ ሦስት ወታደሮች ደረሱ። አንደኛው እግሬ ሥር የወደቁትን ሁለት ቆረቆንዳዎች አየ።

«ሁለተኛውን ማን በላው?»

«ወላሂ ሁለቱንም የበላሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ዕድሜ ለንዴቴ፣ በሐሰት አልማልኩም።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ሳቅ ብሎ ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ። ያን ጊዜ የተነፈስኩት ትንፋሽ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሰኢድ ገዳሙ ውስጥ አደረ፤ እኔ ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን የአምባሰልን ተራራ ተራራውን ይዞ በእግሩ ቤት ገባ። እናታችን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እያየኝ፣ «በቆሎዬስ?» አለኝ።

ሰሚር በሚቀጥለው ሳምንት ገዳሙን ሊያይ ነው፤ አብሬው እሄዳለሁ። እኔ ከዛፉ ሥር እቀመጣለሁ፤ እሱ የፈለገውን ያህል ይቆይ። በቆሎውንም አልበላበትም። ጎረምሳ ለማትረፍ የሚበላበት ዘመን አልፏል፣ አልሐምዱሊላህ።