ዕጣ የማይወጣበት ማሽን

አገር ቤት ደርግ ሥልጣን ላይ በነበረበት ዘመን እኔ ለንደን፣ ባተርሲ ውስጥ፣ የቁማር ማሽን በሚጠገንበት ወርክሾፕ ሽቦ እበይድ ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ማሽን ከተበላሸ ተበላሸ ነው፣ ሰበብ አይደረድርም። ሰው ሲያመነታ ሳይ ግን ደሜ ይፈላል።

አርችዌይ በሚባለው ሰፈር ከእኔ ክፍል በላይ የሚኖሩት ጋሼ፣ ድሮ አስመራ ከተማ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ በአማርኛ የተማሩ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ካርቱም ቀርተዋል። ጋሼ ጥገኝነት ካገኙ ሊያስመጧቸው ነው፤ ለዚያም ሐሙስ ዕለት ክሮይደን ካለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ለኢንተርቪው ተቀጥረዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ድንገት፣ "አልሄድም" አሉኝ።

"ምነው ጋሼ?"

"ሰፈራችን ካፌ ውስጥ ባለው የቁማር ማሽን፣ ፍሩት ማሽን በሚሉት ላይ ዕጣ አወጣሁ። ሦስት የደወል ሥዕል ከመጣልኝ እሄዳለሁ አልኩ። ሁለት ደወል መጣና ሦስተኛው ሎሚ ሆነ።"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ተናደድኩ። እኛ ዕጣ የማንለው ነገር የለም። ዕቁብ የደረሰው ዕጣ ወጣለት እንላለን፤ ሎተሪ የገዛ ዕጣ ይጠብቃል፤ ክፉ የገጠመውም "ዕጣዬ ነው" ብሎ ይጽናናል። ለጋሼ ደግሞ ዕጣ የእግዜር መልስ ነው። በክርክር እንደማልረታቸው ስለገባኝ ማግስቱን አለቃዬን አስፈቅጄ ወርክሾፕ ወሰድኳቸው።

የአንዱን ማሽን ጀርባ ከፈትኩላቸው። ሦስት መንኮራኩሮች አሉት፤ በየአንዳንዳቸው ላይ ሥዕል የታተመበት ወረቀት ተጠቅልሏል። እጀታው ሲሳብ ሦስቱም ይሽከረከሩና እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይቆማል። አንዱ ሌላው የት እንደቆመ አያውቅም፤ ቅድም የወጣውንም አያስታውስም።

"ደወሉን ይፈልጉት" አልኳቸው።

በእጃቸው እያዞሩ ፈለጉ። የመጀመሪያው ላይ ደወል በደወል ነው፤ ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ብቻ። ተጫዋቹ ሁልጊዜ ለጥቂት ያመለጠው የሚመስለው ለዚህ ነው።

"ዕቁብ ላይ የሁሉም ስም ይገባል" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። "እዚህስ የማን ስም አለ?"

"የማንም የለም።"

"እንግዲያው ዕጣ አይደለም" ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

ሐሙስ አብሬያቸው ሄድኩ። ክሮይደን መጠበቂያው ክፍል ከተቀመጥን በኋላ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"ያንን ማሽን አምኜው አይምሰልሽ፣ ልጄ። ሰው አይሆንም ከሚለኝ እሱ ይበለኝ ብዬ ነው። አይሆንም ካሉኝ ለባለቤቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ?"

አንጀቴን በሉት። ከእሑድ ጀምሮ የተቆጣሁት በፍርሃታቸው ላይ ኖሯል። "እኔም እፈራለሁ" አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር።

ተጠሩ። ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ፣ በሩ ጋ ደረሱና ተመለሱ።

"እሺ ካሉኝስ" አሉኝ፣ "ካርቱም ስልክ የሚደወለው ከየት ነው?"