ወንበር ላይ የቀረ ኮት

ይቺን ስሙልኝማ! የባለቤቴን ሞት ላስመዘግብ እዚሁ አዳማ ቀበሌ ሄድኩ። ሠራተኛው የለም፤ ኮቱ ግን ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አለ እትዬ፣ አሁን ወጣ ብሎ ነው» አለችኝ አጠገቡ የምትሠራዋ ልጅ።

«ትናንትም ወጣ ብሎ ነበር! ዛሬስ ኮቱ ነው የሚፈርምልኝ?» ስላት፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ባለኮቱ እየተጎተተ መጣ፤ የባለቤቴን ሞት ላስመዘግብ መምጣቴን ነገርኩት።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሥራው አንገሸገሸኝ። ቤት መዋል ይሻለኝ ነበር። ለመሆኑ ባለቤትዎ ምን ሆኑ?»

ቤት ሲል፣ ከቀብሩ ወዲህ ከወንበሩ ላይ ያላነሳሁት የባሌ ኮት ትዝ አለኝ።

«ምንም አልሆነ፣ አሁን ወጣ ብሎ ነው» አልኩትና ሳላስመዘግብ ተመለስኩ።