ወገብ የሌለው ቀሚስ

አዲስ ቴትሮን ጨርቅ ላይ ትኩስ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣ ሽታ አለ። ትንሽ የተቃጠለ ስኳር፣ ትንሽ ጋዝ ጋዝ ይላል። ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ስወጣ የሥራ ቀሚሴን ወገቡን ላስሰፋ ብዬ ሶዶ ገበያ ዳር ወዳሉት ልብስ ሰፊዎች ጎራ አልኩ። ዕድሜና የቢሮ ወንበር ተባብረው ምን እንደሚሠሩ የምታውቁት ነው። ሰፊው የሌላ ሰው ልብስ እየተኮሰ ነበር። ሽታው ሲመታኝ ያመጣኝን ጉዳይ ረስቼ ፌስታሌን እንደያዝኩ ቆምኩ። "እሺ፣ ምን ነበር?" አለኝ። "ይቆይ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ" ብዬው ወጣሁ። ቀሚሱ እስከ አሁን እንደጠበበ ነው።

እኔ በወጣትነቴ አንድ ዓመት እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፋሽን ኮሙኒኬሽን ተምሬአለሁ። ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዴ አምልጦኝ ብናገር አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ከእግሬ እስከ ራሴ አይታኝ "አንቺ?" አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን። አልፈርድባትም። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ግራጫ ሹራብ የምለብስ ሰው ነኝ። ያኔ ግን እንዲህ አልነበርኩም። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ እየዞርኩ የሰው ኮሌታ፣ የነጠላ አጣጣል፣ የባጃጅ ሹፌሮችን ጃኬት በስልኬ ሳነሳ እውል ነበር። አንዳንዱ ይስቅልኛል፣ አንዳንዱ ይሰድበኛል።

ትምህርቱ ልብስ መስፋት አልነበረም። ይህን ለሰው ማስረዳት ራሱ አድካሚ ነበር። ልብስን በፎቶ፣ በጽሑፍና በመድረክ ለሰው ዓይን ማድረስ ነው ስል "ታዲያ ማን ይሰፋዋል?" ይሉኛል። መምህራችን የሚደጋግማቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ "ልብስ ይናገራል" ነው፤ ሌላው "ዓይን ወደ ተጠራበት ይሄዳል"። በፕሮጀክተር የሩቅ አገር ኮትና ቀሚስ እያሳየን መብራት ሲጠፋ እንኳ አያቆምም፤ በጨለማው ውስጥ "አሁን ያያችሁት ኮት ምን አለ?" ብሎ ይጠይቀናል። ዝናቡ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ጣሪያውን ሲደበድበው ደግሞ እየጮኸ ይጠይቀናል። ያንን ክፍል እወደው ነበር። ሌላ ሰው የማያየውን ነገር እኔ ማየት እንደምችል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመንኩት እዚያ ነው።

ቤታችን ከሶዶ ቅርብ የሆነችው ቦዲቲ ከተማ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህርና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር። "ፋሽን" የምትለዋን ቃል አፉ አልደፈራትም፤ ሰው ሲጠይቀው "ኮሙኒኬሽን ነው የምትማረው" ብሎ ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ግማሹ ሰፈር በወላይትኛ ዜና ላነብ ነው ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው ታላቅ እህቴ ናት። አባቴን የምታበላው፣ ለእኔ የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ በሚኒባስ ረዳት እጅ የምትልክልኝ፣ ከዚህ ሁሉ ጊዜ ተርፏት ደግሞ ከመዘምራን ልምምድ የማትቀረው እሷ ነበረች። ሁለተኛ ድምፅ ናት። ሁለተኛ ድምፅ ከዜማው ሥር የሚሄደው ነው፤ ሲኖር ብዙ ሰው ልብ አይለውም፣ ሲጎድል ግን መዝሙሩ ይሳሳል። ይህን ያስረዳችኝ እሷው ናት፤ እኔ ድምፅ የሚባል ነገር አልተሰጠኝም።

በዚያ ዓመት የፋሲካ ኮንፍራንስ ሶዶ ላይ ሊደረግ ነበር። ከየወረዳው መዘምራን ይመጣሉ፣ ከበዴሳም ሳይቀር። የእኛዎቹ እንዲዘምሩት የተመረጠው መዝሙር እህቴ የደረሰችው ነው፤ ግጥሙም ዜማውም የእሷ። ከቦዲቲ ወጥቶ በሰው ጆሮ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ለኮንፍራንስ አዲስ ልብስ ይሰፋል፤ ጨርቅና ሞዴል ሲመርጡ የማይጨቃጨቁበት ዓመት የለም። ያን ዓመት መሪያቸው "ምን አደከመን፣ ፋሽን የምትማር ልጅ አለችን አይደል?" አለና ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። አባቴ ያቺ ቃል በቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ስትጠራ ሰምቶ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። መምህራችንም ይህንኑ ለዓመቱ ማጠቃለያ ሥራ እንዳቀርበው ፈቀደልኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ባለችው ክፍል ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሴቶቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ሳቅና መገፋፋት ነበር። እህቴ "እኔ ቤት እለካለሁ" እያለች ቀረች። ቤት ስንገባ "ምሳ ላቅርብ" አለች፤ ከምሳ በኋላ "ዕቃ ልጠብ" አለች። በመጨረሻ የመኝታ ክፍላችንን በር ዘግታ ቀጥ ብላ ቆመችልኝ። ትከሻዋን ለካሁ፣ ደረቷን ለካሁ። ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር እጇ መጥቶ እጄን ያዘው። ሜትሩ ግን ዞሮ ደርሶ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፣ ድካም ነበር። "ለሰፊው የአምናውን ልክ ንገሪው" አለችኝ።

በሆዷ የያዘችው ልጅ አባት ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ ጥር ላይ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ከመንገድ አንዴ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያላገባች ልጅ ስታረግዝ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ሽማግሌዎቹ ይጠሯታል፣ ከአገልግሎት ትታገዳለች፣ የመዘምራን ልብሷን አጥባ ታስረክባለች፣ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ አባታችን ነው። እህቴ ከዚህ ሁሉ ላምልጥ አላለችም። "እስከ ፋሲካ ብቻ" አለች። "መዝሙሬን ልዘምረው፤ ከዚያ ለአባዬ ራሴ እነግረዋለሁ። ፋሲካን ብቻ።" ያለችኝ በወላይትኛ ነው፤ ቤት ውስጥ የምናወራው በእሱ ነው። በአማርኛ ስነግራችሁ ልመናው ቀለል ያለ ይመስላል እንጂ እንደዚያ አልነበረም።

አስቀድሜ ያሰብኩት ቀሚስ ወገቡን የያዘ፣ ከዳሌ በታች የሚዘረጋ ነበር። ወደ ሶዶ ስመለስ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ጭንቅላቴን አስደግፌ ያንን ቀሚስ ተውኩት። አዲሱ ከትከሻ ሥር በሽንሽን ተሰብስቦ እስከ ቁርጭምጭሚት ዝም ብሎ የሚወርድ ሆነ። ወገብ የለውም። ጨርቁን ጥቁር አረንጓዴ አደረግሁት፣ ጥላ የማያሳይ። ከዚያ የመምህሬን "ዓይን ወደ ተጠራበት ይሄዳል" አስታወስኩና አንገቱና እጅጌው ላይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የዱንጉዛ፣ የወላይታ ባህል ልብስ፣ ጥለት አስገባሁበት። የሚያይ ሰው ፊቷ ላይ ይቆይ፣ ወደ ታች አይውረድ ብዬ ነው። ያን ዓመት የተማርኩትን ሁሉ እዚያ ቀሚስ ላይ ጨረስኩት።

ክፍል ውስጥ ሳቀርበው አምልኮ፣ ነፃነት፣ እስትንፋስ፣ የአካባቢ ጥበብ እያልኩ ብዙ ለፈለፍኩ። መምህሩ ወደደው፣ ተማሪዎቹም አጨበጨቡ። በመጨረሻ እንደ ልማዱ "እሺ፣ ልብስሽ ምን ይላል?" ብሎ ጠየቀኝ። "አንድ ልብ ነን ይላል" አልኩት። ልብሱ ግን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እባካችሁ አትዩአት ነው የሚለው። ከፍተኛውን ውጤት ሰጠኝ።

ያስጨነቀኝ ልብስ ሰፊው ነው። ሶዶ ውስጥ የብዙ መዘምራንን ልብስ የሚሰፋ ቀልደኛ አዛውንት ነበር። እሱ ራሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ "የጴንጤ ልጆችን ወገብ ግን እንደኔ የሚያውቅ የለም" ይላል። የመጀመሪያውን ቀሚስ ጨርሶ ወደ ላይ አንሥቶ አየውና "ይሄን ጆንያ ማን ሊለብሰው ነው?" አለኝ።

"ይወዱታል ጋሼ።"

"አንቺ ልጅ፣ ልብሱ በተሰጣቸው ማግስት ምን እንደሚያደርጉ አታውቂም? አንድ በአንድ ተደብቀው ይመጣሉ። «ጋሼ እዚች ጋ ትንሽ ጠበብ፣ መሪው እንዳያውቅ» ይሉኛል። ይሄንንማ ተሰልፈው ነው የሚያስጠብቡት።"

እውነቱን ነበር። አምና አንዷ ልጅ ከማስጠበቧ ብዛት ትንፋሽ አጥሯት መድረክ ላይ ቁጭ ብላለች። ሌሎቹ ሁሉ አስጠብበው እህቴ ብቻዋን ሰፊ ለብሳ ብትቆም፣ ያ መደበቅ ሳይሆን በጣት ማሳየት ነው። ልብሱ ከታደለ በኋላ ከክፍል ስወጣ ሁልጊዜ በሰፊው ደጃፍ አልፍ ነበር። "መጡ?" እለዋለሁ። "ገና ናቸው" ይለኛል። ጸሎተ ሐሙስም ገና ናቸው አለኝ። ስቅለት ዕለት እሱም ዘግቶ ነበር።

ለኮንፍራንሱ ትልቅ የሸራ ድንኳን ተተክሏል። ከእግራችን ሥር የተረገጠው ሣር ሽታ ከሰዉ ላብ ጋር ተቀላቅሎ፣ የድምፅ ማጉያው እየጮኸ፣ ብርሃኑ በሸራው አልፎ ሰዉን ሁሉ ቢጫ አድርጎት ነበር። የቦዲቲ መዘምራን ሲጠሩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ መድረኩ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው። አንድም የጠበበ ወገብ የለም። አምና ትንፋሽ ያጠራት ልጅ እህቴ ጎን ቆማለች፤ የእሷም ቀሚስ ከትከሻዋ ጀምሮ ዝም ብሎ ወርዷል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያውቃሉ። ልምምድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋት የሚቆሙ ሴቶች ናቸው፣ እንዴት አያውቁም? አንዷም ቃል ሳትተነፍስ ያን ጆንያ እንዳለ ለብሰውት መጡ። እስከ ዛሬ አንዳቸውም ስለዚህ ነገር አንስተውልኝ አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

መዝሙሩ ተዘመረ። እህቴ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ወደ ጎን ለቃ ነበር የዘመረችው። አባቴ ፊት ለፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው ሰው የማን መዝሙር እንደሆነ ጠይቆት መሰለኝ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ነገረው፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጠረገ። እኔ ድንኳኑ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። የምረቃ ጋዋን ኋላ በሌላ ትምህርት ለብሻለሁ፤ የተመረቅሁ የመሰለኝ ግን ያን ቀን ነው።

እህቴ ቃሏን ጠበቀች። በሳምንቱ ለአባዬ ራሷ ነገረችው። እሱም "ስትዘምሪም እንዲሁ ነበርሽ?" አላት። "አዎ አባዬ።" ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡ ዕለት "ልጄ ናት፣ እኔ በዚህ ነገር አልቀመጥም" ብሎ ውጭ ዛፍ ሥር ቆየ። ውሳኔው እንደምናውቀው ሆነ። ቀሚሱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ አስረከበች። ስትተኩሰው አጠገቧ ነበርኩ፤ ያ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር።

እኔም በዚያ ክረምት ትምህርት ክፍል ቀይሬ ማኔጅመንት ገባሁ። "አባቷ አስገድዷት ነው" የሚል ሰው አለ፤ አላስገደደኝም። ሕፃን ሊመጣ ነው፣ አባቴ ጡረተኛ ነው፣ ከመካከላችን አንዱ ቶሎ ደሞዝተኛ መሆን ነበረበት። ደግሞ ከዚያ ቀሚስ በኋላ ስለ ልብስ የምለው ነገር ያለቀብኝ መሰለኝ። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው። አሁንም ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማየው የልብሱን አንገት ነው፤ ከዚያ ፋይሌን እከፍታለሁ።

ልጅቷ በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሰሞን ተወለደች። እገዳው ሲነሳ የመዘምራኑ መሪ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ "ነይ እንጂ፣ ቦታሽ ባዶ ነው" አላት። "እሺ፣ ልጅቷ ትደግ" አለችው። ልጅቷ አደገች፤ እህቴ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። መዝሙሩን አሁንም ይዘምሩታል። በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ገብታለች፣ ጎበዝ ናት። እህቴ ከሕዝቡ መሀል ሆና ትሰማለች፣ ሲያልቅ ከሰዉ ጋር አሜን ትላለች። ለምን እንደማትመለስ አንዴ ጠይቄያት ነበር። "ደክሞኝ ነው" አለችኝ፤ እንደ እንጀራና ውሃ ያለ ተራ ነገር አድርጋ።

መሪው መጥቶ በሄደ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሳልናገር ከሶዶ መጣሁ። የግቢያችን ቆርቆሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር። እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ልጅቷን አዝላ፣ በሳፋ ልብስ ታጥባለች። ትዘምራለች። ያንኑ መዝሙር ነው፣ ዜማውን ግን አይደለም፤ ሁለተኛ ድምፁን ብቻ። ለብቻው ሲሰማ መዝሙር አይመስልም። አንድ ቦታ ላይ ይመላለሳል፣ ሌሎቹ በሚገቡበት ጋ ዝም ይላል። ዝም በሚልበት ጋ እሷም ዝም ብላ ልብሱን ታሻለች፣ ጊዜው ሲደርስ ትገባለች። ድምፅ እንደሌለኝ እያወቅሁ በሩ ላይ እንደቆምኩ ዜማውን ጀመርኩላት። እጇ ሳፋው ውስጥ ቆመ። ልትተወው መሰለኝ። ፊቷን ሳታዞር "ከፍ አደረግሽው፣ ዝቅ በዪ" አለችኝ።

ዝቅ ብዬ እንደገና ጀመርኩ፤ እሷም ከሥር ገባች።