ዴልማር ሳይጠርግ ያለፈው ሃምሳ ሜትር

ዴልማር ፕሩት በኔቫዳ በረሃ ሃያ ሁለት ዓመት የጠጠር መንገድ ያስተካከለ የግሬደር ሾፌር ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከሾሾኒዎች የሆነችውን ሩቢን ሲያገባ እናቷ እማማ ኔቲ በሠርጉ ላይ አንድም ቃል አልተነፈሱለትም።

ድምፃቸውን የሰማው በሦስተኛው ወር ነው። ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው መታጠፊያ የመንገዱን ዳር ሲጠርግ፣ ባዶ የቡና ጣሳ ይዘው መጥተው ፊቱ ቆሙ። ሞተሩን አጠፋ። አፈር ከሚጠርገው የግሬደሩ ምላጭ ሥር አንድ ቁጥቋጦ ተገንድሶ ወድቋል፤ ቢጫ አበባው አፈር ለብሷል። እዚያ አገር የዱር ባክዊት የሚሉት ነው። እማማ ኔቲ ቅጠሉን ወቅጠው ጉልበታቸው ላይ ያስሩታል፣ ሥሩን አፍልተው ለጉንፋን ይጠጡታል።

«መንገድ ጥረግ ተባልክ እንጂ መድኃኒቴን ጥረግ ማን አለህ?» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ዴልማር እዚያ ሲደርስ ምላጩን ያነሳል፤ ሃምሳ ሜትር ያህል ሄዶ መልሶ ያወርዳል። አለቆች ተፈራረቁ። መንገዱ እዚያ ጋ ለምን እንደሚጠብ የጠየቀውን ሁሉ፣ ከሥሩ ቋጥኝ አለ እያለ መለሰ። ጓደኞቹ ግን ደርሰውበት «አትክልተኛው» ይሉት ጀመር። ቁጥቋጦዎቹ እንደገና በቀሉ። አማቱም ቀስ በቀስ ያናግሩት ጀመር።

ባለፈው ሰኔ ትእዛዝ መጣ፦ ለከባድ መኪና እንዲመች መንገዱ በሁለቱም በኩል ይስፋ። ዴልማር ለመጀመሪያ ጊዜ ለአለቃው እውነቱን ተናገረ። አለቃው በትዕግሥት ሰማውና አዘነለት፤ ትእዛዙ ግን አልተለወጠም። ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለው።

«ሄደህ ንገራት» አለችው ሩቢ። «ከሌላ ሰው ከምትሰማ ካንተ ትስማ።»

እሁድ ጠዋት ሄደ። እማማ ኔቲ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የጥድ ፍሬ ይፈለፍላሉ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ዓይናቸውን ሳያይ ሁሉንም ነገራቸው።

«የቱን ቁጥቋጦ ነው የምትለው?» አሉ።

«መታጠፊያው ጋ ያለውን። የእርስዎን።»

«እሱንማ ካልነካሁት ሃያ ዓመት ሆነኝ። የመኪና አቧራና ጭስ የጠጣ ቅጠል ጉልበቴ ላይ ላስር?»

ዴልማር ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም እማማ?»

«አልጠየቅከኝማ።» ጥቂት ፈለፈሉ። «ደግሞ ያን የሚያክል ብረት ለእኔ ብለህ ስታነሳ ከዚህ ሆኜ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።»

ዴልማር ሳቁ አመለጠው። ሦስት ቀን ደረቱ ላይ ተቀምጦ የከረመው ነገር ወረደለት። አሮጊቷም አብረው ሳቁ፤ ዕንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ መኪናህን አስነሳ አሉት።

ከቤቱ ኋላ ባለው ኮረብታ ጀርባ፣ መኪና ከማይገባበት ሲደርሱ ወርደው ክንዱን ይዘው በእግር አዘገሙ። ጥጉን ሲዞሩ ዳገቱ ከላይ እስከ ታች በዚያው ቁጥቋጦ አበባ ቢጫ ነው፤ ንቡ ይተራመሳል። ሩቢ እንኳ ቦታውን ያየችው በልጅነቷ አንድ ጊዜ ነበር። የትኛው ቅጠል እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ለከርሞ እንደሚተው አሳዩት።

«ጉልበቴ እምቢ ያለ ዕለት አንተ ትመጣለህ» አሉት። «ቦታውን ለማንም አትናገርም።»

እንደማይናገር ማለላቸው። በማግስቱ መታጠፊያውን ራሱ አሰፋው።

ዘንድሮ ወደ ዳገቱ ብቻውን ነው የሄደው። እማማ ኔቲ ያመጣውን ቅጠል አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና፣ ግንዱን አብዝተህ ቆርጠሃል ብለው ተቆጡት።